የኮርኒስ ላይ የውሃ እድፍ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት እንዴት ይሸፈናል? (ተመልሶ እንዳይመጣ አድርጎ)

ከሁለት ዓመት በፊት ጳጉሜ ላይ ለእንቁጣጣሽ እንግዳ ይመጣል ብዬ ሳሎኑን ቀባሁት፣ ግድግዳውንም ኮርኒሱንም። ከመስኮቱ በላይ ክረምቱ ያመጣት የሰፌድ ያህል ቡናማ እድፍ ነበረች፣ እሷ ላይ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም (በውሃ የሚቀጥነውን) ሁለቴ ደረብኩባትና ጠፋች፣ ማታ ሶፋው ላይ ተንጋልዬ አይቻት ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ አለች። ያውም ጠርዟ የቡና ሲኒ ተቀምጦ የተነሳበት ጠረጴዛ መስሎ፣ ቢጫ ቀለበት ሰርታ። ሶስተኛ ደረብኩ፣ ደረቀ፣ መጣች። አራተኛ ደረብኩ። ዋዜማው ላይ ቀለሙ አለቀ፣ እሷ ግን እዛው ናት።

በዓሉ ቀን ሰፈራችን ያሉ ድሮ ቀለም ቀቢ የነበሩ አባት ቡና ሊጠጡ ገብተው ቀና ብለው አዩና ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ በምንድነው የቀባኸው?»

«በውሃ ቀለም ነው ጋሼ፣ አራት ጊዜ እኮ ነው የደረብኩት።»

«አርባ ጊዜ ብትደርበው ያው ነው። እድፉን ያመጣው ውሃ፣ ቀለምህም ውሃ። አንተ እያራስከው እኮ ነው። ዘይት ቀለም አስነካውና ከዛ የፈለግከውን ቀባ።»

ነገሩ ይሄው ነው። ግን ዘይት ቀለም ከማስነካት በፊትም በኋላም ብዙ የሚበላሽ ነገር አለ፣ እኔም አንድ በአንድ ስላበላሸሁት ከነምክንያቱ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሚመለስ ይግባን። ጣራው ላይ የወረደው ውሃ ኮርኒስ ጋር ሲደርስ ንጹህ አይደለም፣ የቆርቆሮውን ዝገት፣ የጣሪያውን አቧራ፣ የእንጨቱን ቡናማ ጭማቂ ይዞ ነው የሚወርደው፣ ቺፕውድ ደሞ ራሱ ከተፈጨ እንጨት የተሰራ ስለሆነ ሲረጥብ ከውስጡ ቡናማ ነገር ያወጣል። ውሃው ሲተን ያ ቆሻሻ ጠርዙ ላይ ተከማችቶ ይደርቃል፣ ለዛ ነው ዳሩ ከመሀሉ የሚጠቁረው። እናንተ የውሃ ቀለም ስትቀቡበት የደረቀው ቆሻሻ እንደገና ይሟሟል፣ ቀለሙ ሲደርቅ ውሃው ወደ ላይ ሲወጣ ቆሻሻውንም ይዞት ይወጣል። ስለዚህ የቀለሙ ጥራትም ውድነትም እዚህ ጋር አያድናችሁም። መሀል ላይ በውሃ የማይሟሟ ነገር መግባት አለበት፣ በቃ።

የሚያንጠባጥበው ሳይዘጋ ቀለም አትግዙ

ኮርኒስ ላይ ያለችው እድፍ ጣራው ላይ ካለው ቀዳዳ ትክክል ስር ናት ማለት አይደለም። ውሃው ቆርቆሮው ስር ገብቶ እንጨቱን ይዞ አንድ ሁለት ሜትር ተንሸራቶ ነው የሚንጠባጠበው፣ ስለዚህ ከእድፏ ወደ ጣራው አናት አቅጣጫ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከነዚህ አንዱ ነው፦ የላላ ወይ የዛገ የቆርቆሮ ሚስማር (ጎማው ደርቆ የተሰነጠቀ)፣ በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ፣ ቆርቆሮና ግድግዳ የሚገናኙበት ቦታ፣ ወይም ደግሞ ጣራ ላይ የተቀመጠ የውሃ ታንከር ቧንቧ። አሸንዳውን ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ጋ ግን ጥፋተኛው እሱ ነበር፣ የጎረቤት ባህር ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ አራግፎ ሞልቶት ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነበር፣ አንድ ጆንያ ቅጠል ነው ያወጣሁት፣ መሀሉ ላይ የልጆች ኳስም ነበረችበት።

ሚስማር ከሆነ ነቅሎ በወፍራም መተካት ወይ ጎማ ያለው ብሎን ማስገባት፣ ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ዙሪያውን ከዝገት አጽድቶ በደረቁ ሲሊኮን። ሬንጅ የሚደፉም አሉ፣ እኔ አልወደውም፣ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃልና የሚቀጥለው ሰው ቀዳዳውን እንዳያገኘው ይሸፍነዋል። ጣራ ላይ ስትወጡ ደሞ ሚስማሩ በተመታበት መስመር ላይ ርገጡ፣ ከስሩ እንጨት አለ፣ በመሀል ከረገጣችሁ ሌላ እድፍ ለራሳችሁ እያዘጋጃችሁ ነው። በረጠበ ቆርቆሮ ላይ ግን ፈጽሞ አትውጡ።

መዘጋቱን እንዴት ታውቃላችሁ? የእድፏን ዳር በእርሳስ አክብቡትና አጠገቡ ቀኑን ጻፉ። ዝናብ ዘንቦ ከመስመሩ ካለፈች አልተዘጋም። በጋ ከሆነ አንድ ሰው ጣራ ላይ ጎማ ይዞ (ወይ በጀሪካን) ውሃ ያፍስስ፣ ከታችኛው የጣራ ጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ፣ እናንተ ከስር ባትሪ ይዛችሁ እዩ። ከላይ ከጀመረ ውሃው ሁሉንም ቦታ ያዳርስና የቱ እንደሆነ አይለይም።

አንድ ነገር ደሞ፣ ሁሉም ቡናማ እድፍ ዝናብ አይደለም። በጋውን ሙሉ አዲስ ነጠብጣብ ከመጣ፣ ትንንሽና የተበታተነ ከሆነ፣ ክፍሉም ሲዘጋ የሚከነክን ሽታ ካለው፣ እሱ አይጥ ነው። ማታ ማታ ኮርኒስ ላይ ሩጫ ትሰማላችሁ አይደል? መግቢያውን ሳትዘጉ መቀባት ዋጋ የለውም። አሸፋፈኑ ግን ከውሃው እድፍ ጋር አንድ ነው፣ ዘይት ቀለሙ ሽታውንም ጭምር ያፍንላችኋል።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩና እድፏ ከመታጠቢያ ቤት ኮርኒስ ላይ ከሆነች ወደ ላይኛው ፎቅ መውጣት ነው። ሽንት ቤታችሁ ያፈሳል ብላችሁ አትጀምሩ፣ ጸብ ይሆናል። «እትዬ፣ እስቲ ወርደው አንዴ ይዩልኝ» ብሎ ማሳየት ነው የሚያዋጣው፣ ከዛ ለሁለት ቀን ሻወሩን ሳይጠቀሙ እንዲቆዩ ለምኑና እድፏ መድረቅ መጀመሯን እዩ። ከደረቀች ችግሩ የወለሉ ሴራሚክ መጋጠሚያ ወይ የሻወሩ ፍሳሽ ነው፣ ሻወር ሳይወሰድም ከረጠበች ሁሌ ውሃ ያለበት ቧንቧ ነው።

ይድረቅ፣ በእውነት ይድረቅ

እኔን ጨምሮ ሁላችንም የምንሳሳተው እዚህ ነው፣ ክረምቱ ሳይወጣ ለእንቁጣጣሽ ብለን እንቀባለን። ኮርኒሱ በእጅ ሲነካ ደረቅ ይመስላል፣ ከጀርባው ግን እርጥብ ነው። በእርጥብ ላይ ዘይት ቀለም ከቀባችሁ እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን እንደ ቆዳ ገፍቶ ያሳብጠዋል፣ ከዛ ይላጣል። ለበዓል የግድ ከሆነ ግድግዳውን ቀቡና ኮርኒሱን ለጥቅምት አቆዩት፣ በጋው ሲገባ ሁለት ሶስት ሳምንት መስኮት ከፍቶ ማቆየት ይበቃዋል። ሶሌታ (የሲሚንቶ ኮርኒስ) ከሆነ ግን ሲሚንቶ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፣ ወር እና ከዛም በላይ ሊወስድ ይችላል።

መፈተኛው ቀላል ነው፦ ክንድ የሚያህል አራት ማዕዘን ላስቲክ ቆርጣችሁ እድፏ ላይ አራቱንም ጎን በፕላስተር አሽጉት፣ ከ24 ሰዓት በኋላ አንሱት። ላስቲኩ ውስጠኛው በኩል ላብ ካለው አልደረቀም፣ ጠብቁ።

ኮርኒሱ ራሱ ይድናል ወይ?

በጣት ገፋ አድርጉት። ቺፕውድ ከሆነ ጠንካራ መሆን አለበት፣ እንደ ደረቀ ዳቦ የሚፈረፈር፣ ያበጠ፣ ወይ ሆዱ ወደ ታች የወረደ ከሆነ ቀለም አያድነውም። ደስ የሚለው ቺፕውድ ኮርኒስ በቁራጭ በቁራጭ የተሰራ መሆኑ ነው፣ መጋጠሚያው ላይ ያለችውን ቀጭን እንጨት በጥንቃቄ ፈልቅቆ የተበላሸውን አንድ ክፍል ብቻ አውርዶ በ8 ሚሊ አዲስ ቺፕውድ መተካት ይቻላል። ስታወርዱት ከላይ ያለው አቧራ ፊታችሁ ላይ ነው የሚወርደው፣ ማስክና መነጽር አድርጉ። ኮርኒሱ የተመታበትን እንጨት፣ ሞራሌውንም እዩት፣ እሱ ከበሰበሰ አናጺ ይጠራ።

ጂፕሰም ከሆነ ውሃ ጠጥቶ የለሰለሰውን ቆርጦ መተካት ነው፣ ጠንካራ ሆኖ እድፍ ብቻ ከሆነ ግን እንደሌላው ይሸፈናል። በድሮ ጭቃ ቤት ያለ የአቡጀዲ ኮርኒስ ላይ ዘይት ቀለም ጨርቁን አድርቆ ያሰነጥቀዋል፣ የተበከለውን ጨርቅ ቀይሮ መስፋት ይሻላል።

ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው። ሶሌታ ላይ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በአስር እጅ ውሃ በጥብጣችሁ በስፖንጅ ጠርጉት፣ አስር ደቂቃ ቆይቶ በንጹህ ውሃ አጽዱና እንደገና እንዲደርቅ ጠብቁ። በረኪናን ከአሲድም ከሌላ የጽዳት ኬሚካልም ጋር አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ቺፕውድ ውስጥ የገባ ሻጋታ ግን በበረኪና ላዩ ይነጣል እንጂ ከውስጥ አይወጣም፣ ቀይሩት። የቡናማውን እድፍ በበረኪና አነጣዋለሁ የሚሉም አሉ፣ ይነጣል እውነት ነው፣ ግን ስትቀቡት ተመልሶ ሊወጣ ይችላል፣ ደሞ እንደገና አራሳችሁት ማለት ነው።

የሚያስፈልገው

ነጭ ዘይት ቀለም፣ ከተገኘ የማያብለጨልጨው (ማት)። ፕራይመር ነው ካሏችሁ ጣሳው ላይ አንብቡ፣ በአኳራጅ ወይ በቲነር የሚቀጥን ከሆነ ጥሩ፣ በውሃ የሚቀጥን ከሆነ ለዚህ ስራ ተዉት፣ ሻጩ «ይሄም ይሸፍናል» ቢላችሁም። ለአንድ ሁለት እድፍ 1 ሊትር ከበቂ በላይ ነው፣ አንድ ሊትር በአንድ እጅ ወደ 10 ካሬ ሜትር ይሄዳል። አኳራጅ ለማቅጠኛና ለብሩሽ ማጠቢያ። የብርጭቆ ወረቀት 120 እና 220 ቁጥር። ስፓቱላ፣ ትንሽ ስቱኮ፣ ጠፍጣፋ ብሩሽ፣ ሮለር ከነዘንጉ፣ ላስቲክ፣ ፕላስተር፣ መነጽር፣ ጓንት። ለራስ ሻሽ ወይ የድሮ ቀቢዎች እንደሚያደርጉት ከጋዜጣ የታጠፈ ኮፍያ።

እንጨት ሰሪዎች ጋር ጎማላካ (ሼላክ የሚባለው የእንጨት መቀቢያ) ካገኛችሁ እሱም ይሰራል፣ በአልኮል ስለሚሟሟ ቶሎ ይደርቃል፣ እድፍና ሽታ በመያዝ ከዘይት ቀለምም ሊበልጥ ይችላል፣ ግን ራሱ ቢጫ ስለሆነ ነጭ ለማድረግ ብዙ እጅ ቀለም ይፈልጋል። አሜሪካ ላላችሁ ስራው ቀሎላችኋል፣ ዚንሰር ቢን የሚባለው ይሄው ጎማላካ ነጭ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፣ ኪልዝ ኦሪጅናል ደሞ የዘይቱ ነው (ኪልዝ የውሃም አለው፣ ጣሳውን ለዩ)። እዛ ቤታችሁ ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት የተሰራ ከሆነ የድሮው ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ ኮርኒሱ ፋንዲሻ የመሰለ ሸካራ ከሆነ ደሞ የድሮዎቹ ውስጥ አስቤስቶስ ያለባቸው አሉ፣ ሳይመረመር እንዳትፍቁት።

አሁን ወደ ስራው

አንድ፣ መብራት ከቆጣሪው አጥፉ። ውሃ የነካው ኮርኒስ ላይ አምፖል ካለ ሽፋኑን ፈታችሁ ውስጡ ውሃ አለመኖሩን እዩ። እቃ አውጡ፣ የማይወጣውን በላስቲክ ሸፍኑ፣ ቲቪውን በተለይ። ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርባችሁ አትውጡ፣ ከጎረቤት መሰላል ተዋሱ።

ሁለት፣ የተላጠውን በስፓቱላ ፋቁ። ልላጥ የሚለውን ሁሉ አውርዱ፣ አትሰስቱ። ሶሌታ ላይ ነጭ ዱቄት ካለ ጨው ነው፣ በደረቅ ብሩሽ ጠርጉት፣ በውሃ ካጠባችሁት ተመልሶ ይገባል። ከዛ በ120 ብርጭቆ ወረቀት እድፏንና ዙሪያዋን ቀስ ብላችሁ ፈግፍጉ፣ የተላጠው ቀለም ጠርዝ በጣት ሲዳሰስ እንዳይታወቅ። ቀለሙ በጣም የቆየ ከሆነ ወረቀቱን ነከር አድርጋችሁ ፈግፍጉ፣ አቧራው እንዳይበን፣ ከዛ ይድረቅ። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ።

ሶስት፣ እዚህ ጋር ሰው ቅደም ተከተል ያበላሻል። ስቱኮ በውሃ የሚበጠበጥ ነው፣ እድፉ ላይ በቀጥታ ከመታችሁት እድፉን ይጠጣና እሱም ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ እጅ ዘይት ቀለም፣ ከዛ ስቱኮ፣ ከዛ ሁለተኛ እጅ ዘይት ቀለም።

አራት፣ ቀለሙን እስከ ጣሳው ስር በእንጨት አማስሉት። ለመጀመሪያው ቅብ ለአስር እጅ ቀለም አንድ እጅ አኳራጅ ጨምሩ፣ ቺፕውዱ ስለሚጠጣ ቀጠን ሲል ይገባል። ከዚህ በላይ አታቅጥኑ፣ ቀጭን ቀለም እድፍ አይዘጋም፣ ክርናችሁ ላይም ይወርዳል። ብሩሹን ሲሶውን ብቻ ነክራችሁ ጣሳው ጠርዝ ላይ አራግፉ። ከእድፉ ውጪ ጀምራችሁ ወደ ውስጥ፣ ከዳሩ 15 ሴንቲ ያህል አልፋችሁ ቀቡ፣ ጠርዙ ነው ክፉው። ዳር ዳሩን ብሩሹ ሊያልቅበት ሲል በደረቁ አስልሱት፣ ኋላ ላይ ክብ ሆኖ እንዳይታይ።

መስኮትና በር ይከፈት። ቤት ውስጥ ከሰል የለም፣ ሲጋራ የለም፣ እጣን የለም፣ ቡናው ውጪ ይፈላ። የአኳራጅ ትነት እሳት ይይዛል፣ ቀልድ አይደለም። ልጆችና እርጉዝ ካለች ያን ቀን ዘመድ ቤት ይዋሉ።

አምስት፣ 24 ሰዓት ይቆይ። ጠዋት እዩት፦ ነጭ ከሆነ ጥሩ፣ ትንሽ ቢጫ ከታየ አትደንግጡ፣ ለሁለተኛው እጅ ነው። ስንጥቅና ጉድጓድ ካለ አሁን ስቱኮ ምቱ፣ ሲደርቅ በ220 አለስልሱት፣ ከዛ ሁለተኛውን እጅ ሳታቀጥኑ ቀቡ። እንደገና 24 ሰዓት። እኔ ጋ ሁለት በቃው፣ የአይጥ እድፍ ያለበት ጓዳ ግን ሶስት ፈለገ።

ስድስት፣ ዘይት ቀለም ላዩ የሚያብለጨልጭ ከሆነ የውሃው ቀለም አይዝበትም፣ ሲደርቅ በጥፍር ይላጣል። ስለዚህ በ220 ወረቀት ገፋ ሳታደርጉ ፈግፍጉት፣ ነጸብራቁ እስኪጠፋ ብቻ፣ ከጨከናችሁበት ትበሱትና እድፉ መውጫ ያገኛል። አቧራውን ጥረጉ።

ሰባት፣ አሁን የውሃ ቀለማችሁ። የመጀመሪያውን እጅ እዛች ቦታ ላይ ብቻ ቀቡና አንድ ሌሊት አሳድሩት። ይሄ ፈተና ነው፣ እድፉ የሚመለስ ከሆነ እዚህ ጋር ይመለሳል፣ ሙሉ ኮርኒሱን ጨርሳችሁ ከምታዩት አሁን እዩት። ካልመጣ ሙሉውን ኮርኒስ በሮለር፣ ከመስኮቱ ጀምራችሁ ወደ ውስጥ፣ ሁለት እጅ። ቁራጭ ቦታ ብቻ ቀብቼ ልተወው ካላችሁ በየእለቱ የምታዩት ነጭ ጥፍጥፍ ነው የሚሆነው፣ ምክንያቱም የድሮው ነጭ አሁን ነጭ አይደለም፣ በቡና ጭስ ከርሟል። ገንዘብ ካጠረ ግን ቺፕውድ ላይ አንድ ዘዴ አለ፣ ከቀጭኗ እንጨት እስከ ቀጭኗ እንጨት ያለውን አንድ ክፍል ሙሉ ቀቡት፣ መስመሩ ልዩነቱን ይደብቀዋል፣ ቢያንስ ማታ ማታ።

ሲያልቅ

ብሩሹን በአኳራጅ ሁለቴ፣ ከዛ በሳሙና እጠቡት፣ የተጠቀማችሁበትን አኳራጅ ግቢ ውስጥ ወይ ቱቦ ውስጥ አትድፉ፣ ክዳን ያለው እቃ ውስጥ ሲያድር ቀለሙ ይዘቅጥና ላዩ ለሌላ ጊዜ ይሆናል። እጃችሁን በምግብ ዘይት አሹት፣ ከአኳራጅ ይሻላል። ዘይት ቀለም የጠጣ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ፣ ሲደርቅ ራሱ ሙቀት እየፈጠረ እሳት ሊነሳበት ይችላል፣ ውጪ ዘርግታችሁ ስታደርቁት ነው የሚጣለው።

የተረፈችውን ቀለም ጣሳ ክዳኗን በደንብ መትታችሁ ገልብጣችሁ አስቀምጧት፣ አየር እንዳይገባ። እኔ የእኔዋ ላይ ቀኑን ጽፌባታለሁ፣ ሰኔ ሲገባ ደሞ አሸንዳውን የሚጠርግ ልጅ እጠራለሁ፣ ኳሷ ጣራ ላይ መውጣቷን አላቆመችም።